ከመስቀል ሥር የተነገረ ኑዛዜ

አያ ሙጬ ሊሞቱ በተቃረቡበት ሰሞን የቡሬ መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ኑዛዜ የሚጽፍ ራፖር ጸሐፊ ማምጣት አልተቻለም። እንደ ድሮው ኑዛዜያቸውን በቃል እንዲሰሙ የአገሩ ሽማግሌዎችና የንስሐ አባታቸው ቄስ ተስፋው ተጠሩ። ሽማግሌዎቹ አልጋውን ከበው ተቀመጡ። አያ ሙጬ አንድ በአንድ አዩዋቸውና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ውጡልኝ። ከአባ ጋር ብቻ ነው የምነጋገር።»

«ኑዛዜ እኮ ምስክር ይፈልጋል፣ አንተ ሙጬ!» አሉ የሽማግሌዎቹ አለቃ አያ አብተው።

«ግማሻችሁ ገበያ በወጣችሁ ቁጥር ልጄ ሰይፈ የሚጋብዛችሁን አረቄ የምትጠጡ ናችሁ። ከመስቀል ሥር የተናገርሁትን ማን ያፈርሰዋል?»

ሽማግሌዎቹ እያጉረመረሙ ወጡ። ያይኔአበባ ጓዳ ሆና ሰምታ ልቧ ረጋ። ከመስቀል የሚበልጥ ምስክር ለእሷም አይታያትም ነበር። አያ ሙጬ የሟች አክስቷ ባል ናቸው፤ በሥጋ አይዛመዷትም። ባሏ ሲሞትባት «ነይ ጡሪኝ፣ መሬቱ ያንች ነው» ብለው ከገበዝ ማርያም ከነልጆቿ አመጧት። እግራቸው ሲከዳቸው አዝላ ፀሐይ አወጣቻቸው፤ ጎናቸው ሲቆስል አጠበችላቸው። አንድ ልጃቸው ሰይፈ ቡሬ እህል ይነግዳል። ሲታመሙ መንገድ ተዘጋብኝ ይል ነበር፤ ለቀብሩ ግን መንገዱ አላገደውም።

ቄስ ተስፋው ኑዛዜውን ሰምተው፣ ሽማግሌዎቹን መልሰው ሳይጠሩ አያ ሙጬ አረፉ።

አርባው እንደወጣ ሰይፈ መጥቶ ቤቱን ልቀቂ አላት። ወረዳ ሄደች፤ የተጻፈ ካለሽ አምጭ አሏት። የላትም። ቀበሌው ወደ ሽማግሌ መራት። ሰይፈ በሽማግሌዎቹ ፊት እየሳቀ ተነሣ።

«እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። ቄስ ተስፋው በአፋቸው ለእሷ ተናዞላታል ይበሉ፤ ዛሬውኑ እመለሳለሁ።»

እንደማይሉ ያውቃል። ቄስ ተስፋው አንገታቸውን ደፉ።

«በንስሐ ውስጥ የተነገረ ነው። አላወጣውም።»

«ንስሐስ ለኃጢአቱ ነው፤ መሬቱ ምን ኃጢአት አለበት፣ አባቴ?» አለች ያይኔአበባ።

«አንድ ላይ ቋጥሮ ነው የሰጠኝ፣ ልጄ። አንዱን ብፈታ ሌላውም ይፈሳል።»

ከዚያ በኋላ ድንጋይ ተሸክማ ደጃቸው ላይ ተንበረከከች። ባለቤታቸው ወይዘሮ በለጠች ወጥተው «ተነሽ፣ እኛንስ ለምን በሰው አፍ ታስገቢናለሽ?» ብለው ተቆጧት። አልተነሣችም። በማግስቱም መጣች፤ በሌላውም ቀን። አንገቷ ተልጦ ነጠላዋ ደም ነካ።

«ልጆቼን እነሰብሊን የት ልውሰዳቸው?» ትላለች ቄሱ ሲያልፉ። «ወንድሜ ቤት ለራሱም መተኛ የለው። ወይ ይናገሩልኝ፣ ወይ እዚሁ ይቅበሩኝ!»

አንድ ቀን ቄሱ ወጡና ድንጋዩን ከትከሻዋ አነሡላት።

«እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹን ሰብስቢ። ክህነቴን አስቀምጬ እናገራለሁ።»

እሑድ ሽማግሌዎቹ ከደጀ ሰላሙ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ሰይፈም መጣ፤ ያን ቀን አልሳቀም። ቄስ ተስፋው ከመካከል ቆመው ጥምጣማቸውን ይፈቱ ጀመር። ዞሮ ዞሮ የማያልቅ መሰለ። ራሳቸው ሲገለጥ ትንሽ፣ መላጣ፣ የማንም ሽማግሌ ራስ ነበር። ያይኔአበባ ዓይኗን ከአፋቸው ላይ ተከለች።

«ሙጬ በንስሐው ጊዜ…» ብለው ጀመሩ።

«ቆይ! አባ፣ ይቆዩ!» አሉ አያ አብተው። ዝንብ ሲያባርሩበት የነበረው ጭራ አየር ላይ ቀርቷል።

ያይኔአበባ ዞር ብላ አየቻቸው። አያ አብተውን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም። እዚያ ከተቀመጠው ሰው ኃጢአቱን ለቄስ ተስፋው ያልተናዘዘ አልነበረም።

«የሙጬን ዛሬ ካወጡት» አለ አንዱ ከኋላ፣ «የኔን ነገ ማን ይጠብቅልኛል?»

«አንተማ ምን አለህ፣ ያው የጎረቤት ዶሮ ነው!» አለ ሌላው። ማንም አልሳቀም። ቀላጁም ጉሮሮውን ጠርጎ መሬት መሬት አየ።

«ለመናገር መጥቻለሁ እኮ» አሉ ቄሱ፣ ጥምጣሙ ከእጃቸው ተንጠልጥሎ። «ስሙኝ!»

አያ አብተው ተነሡ። ሌሎቹም ለመነሣት የተሽቀዳደሙ መሰሉ።

«ሽማግሌ የንስሐ ቃል አይሰማም። ነገሩ አልቋል። መሬቱ የልጁ ነው።»

«አያ አብተው! ስለ ማርያም!» ብላ እግራቸው ላይ ወደቀች። እየተጠነቀቁ ተሻገሯት፤ ክፉ ሰው አይደሉም።

ሰይፈ በሩ ጋ ሲደርስ መሬቱን የእኩል የሚያርስ ሰው ጠየቀ። ያይኔአበባ ከወደቀችበት ሆና የአያ አብተውን ድምፅ ሰማች።

«የኔ ልጅ ጎበዝ ነው።»

ግቢው ጭር አለ። ቄስ ተስፋው እዚያው ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ጥምጣሙን ሊመልሱት ሞክረው፣ አልሆን ሲላቸው ጉልበታቸው ላይ ተዉት። ከእንግዲህ መቅደስ ይግቡ አይግቡ እሳቸውም ያወቁት አይመስልም።

«ነይ» አሏት ዝቅ ብለው። «አንች እንኳ ስሚው። ምን እንዳለልሽ እወቂው።»

ያይኔአበባ ቀና ብላ አየቻቸው። ከዚያ ነጠላዋን ጆሮዋ ላይ ሳበችው።

«አይንገሩኝ፣ አባቴ» አለች። «እኔም የነገርሁዎት አለ።»