ዳንግላ ድረስ የሄደው ድንጋይ

ክንዴ ተሸክሞት የመጣው ድንጋይ ትንሽ ነበር። ውቢት የቀርከሃውን በር ስትከፍት መጀመሪያ ዐይኗ ያረፈው ድንጋዩ ላይ ነው፤ ሰውየውን ያየችው በኋላ ነው። በአገሩ ወግ ይቅርታ የሚጠይቅ በዳይ አንገት የሚያጎብጥ ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል፤ የሚያወርደውም የተበደለው ሰው አውርድ ሲለው ነው። ይሄ ግን ከሚኒባስ ሲወርድ ከመንገድ ዳር ያነሳት፣ ለጉልቻ እንኳ የማትበቃ ነገር ናት። እንዳትወድቅበት በሁለት እጁ ደግፏታል።

ከኋላው ሦስት ሽማግሌዎች ቆመዋል። መሪያቸው አያ እንየው ናቸው፤ የሟች አባቷ ጓደኛ፣ የድንች ማሳቸው ከእናቷ አጥር በላይ ያለ ጎረቤት። እሳቸው ባይኖሩ ውቢት በሩን መልሳ በዘጋችው ነበር። ሰውየው ይህን አስቦ እንደመጣ ገባት፤ ይበልጥ ተናደደች።

«ግቡ እንጂ» አለች እናቷ እታለማሁ ከውስጥ።

ዕለቱ የቀጠሮው ቀን ነበር። ከሰዓት በኋላ ዳንግላ ላይ ችሎት አለ፤ ከሳሿ ውቢት ናት፤ ተከሳሹም ይኸው ደጇ ላይ የቆመው ሰው ነው።

ውቢት እንጅባራ ውስጥ የፊዚክስ መምህርት ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ በእናቷ ጓዳ ጥቁር ሰሌዳ ሰቅላ፣ ስልኳን በቀርከሃ ማቆሚያ ላይ አስራ፣ ለማትሪክ ተፈታኞች ትምህርት ትቀርጻለች፤ በዩቲዩብና በቴሌግራም በነጻ ትለቀዋለች። በአማርኛ አስረድታ ስታበቃ ከባዱን ነጥብ በአዊኛ ትደግመዋለች፤ ከገጠር መጥተው ክፍል ውስጥ አፋቸውን ይዘው የሚቀመጡ ልጆች እንዳሉ ታውቃለችና። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ታቆማለች፤ ሲያባራ ትቀጥላለች። አንዲት አጭር ትምህርት ቅዳሜዋን ሙሉ ትበላባታለች።

ክንዴ ደግሞ ዳንግላ መናኸሪያ አጠገብ ዘፈንና ፊልም በሚሞሪ የሚጭን ሱቅ አለው። ትምህርቶቿን አወረዳቸው፤ ስሟን የምትናገርበትን መጀመሪያውን ቆርጦ ጣለ፤ ፊቷ ላይ የሱቁን ስም ለጠፈና መሸጥ ጀመረ። ደውላ እንዲተው ለመነችው። መለመኗ እስከ ዛሬ ያንገበግባታል፤ ምክንያቱም እሱ ስቆ ስልኩን ዘጋ። ብዙም ሳይቆይ ፎቶዋን ፌስቡክ ላይ አወጣው። ከሥሩ፣ ይቺ መምህርት የማትሪክ ፈተና ትሸጣለችና ልጆቻችሁን ጠብቁ ብሎ ጻፈበት።

ሰው ተቀባበለው። ትምህርት ቤቱ ጉዳዩ እስኪጣራ ብሎ ከክፍል አገዳት። ጥሊሊ ገበያ ላይ አንዲት እናት ክንዷን ይዛ «በልጄ ዕድል ቀለድሽበት» አለቻት፤ ውቢት የያዘችውን ዘምቢል እዚያው ጥላ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ነው የከሰሰችው። ዐቃቤ ሕጉ እንዳስረዳት፣ የስም ማጥፋቱ ክስ በእርሷ አቤቱታ የቆመ ነው፤ ትቼዋለሁ ካለች ይዘጋል። የሰው ሥራ ገልብጦ መሸጡ ግን ለዓመታት ሊያሳስር የሚችል ነው፤ እሱም ቢሆን ያለ እርሷ ምስክርነት ብዙ አይራመድም።

«ልጄ» አሉ አያ እንየው መደቡ ላይ እንደተቀመጡ። «ሚስቱ አራስ ናት። እሱ ከታሰረ ቤቱ ይበተናል። ጥፋቱን አምኖ ይኸው በሽማግሌ መጥቷል። ዛሬ ችሎት ፊት ትቼዋለሁ በይልን።»

«ምን ብሎ ነው ያመነው፣ አያ?»

ሁሉም ወደ ክንዴ ዞሩ። ክንዴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሳላውቅ አስቀይሜሽ ከሆነ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ሳላውቅ። ከሆነ። ስሟን የቆረጠው ሳያውቅ ነው? ፎቶዋን መርጦ የለጠፈው ሳያውቅ ነው? ወንጀለኛ ያላት አገር እያየ ነው፤ ይቅርታውን ግን ለጓዳ ሰው ብቻ አመጣው። ከዚህ ቤት ሲወጣ ይቅር ተባልኩ ይላል፤ እሷ ግን እንደ ትናንቱ ፈተና ሻጭ ሆና ትቀራለች። ይህ ሰው የሚፈልገው ምሕረት ሳይሆን የፋይሉን መዘጋት ነው።

እናቷን አየቻት። እታለማሁ አንገቷን ደፍታ የነጠላዋን ጥለት ትጠቀልላለች። ስትታመም የሚጠይቋት፣ ስትሞት የሚቀብሯት እነዚህ ሰዎች ናቸው። የእታለማሁ ልጅ ሽማግሌ አሳፍራ መለሰች ከተባለ ወሬውን ተሸክማ የምትኖረው እሷ ናት።

«መሸጡንስ ትተሃል?» አለችው ውቢት ክንዴን።

«ጊዮርጊስ ምስክሬ ነው» አለ ክንዴ ፈጥኖ። «ሁሉንም አጥፍቻለሁ። ሱቄ ውስጥ አንዲት የቀረች የለችም።»

አያ እንየው በመሐላው ራሳቸውን ነቀነቁ። ውቢት ትንሽ አሰበችና «እንግዲያው አብረን ዳንግላ እንሂድ» አለች። «ሱቁን በዐይኔ ልየው። እንዳለው ከሆነ ችሎት ገብቼ ትቼዋለሁ እላለሁ። ለእርስዎ ስል ነው፣ አያ።»

ክንዴ ድንጋዩን ሊያስቀምጥ ጎንበስ አለ።

«ቆይ» አሉ አያ እንየው። «አውርድ መች አለችህ?»

ድንጋዩ ሚኒባስ ላይ የወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ አያ እንየው ግን የያዝኩትን ሽምግልና መሐል መንገድ ላይ አልጥልም ብለው ተሳፈሩ። ክንዴ ድንጋዩን ጭኑ ላይ እንደ ሕፃን ታቅፎ ተቀመጠ። አጠገቡ ያለች ሴት «ዳንግላ ድንጋይ ጠፋ እንዴ?» ስትለው ሰው ሳቀ፤ እሱም አብሮ ሳቀ።

አዲስ ቅዳም ላይ ከሰል የሚጭን መኪና መንገዱን ስለዘጋባቸው ቆሙ። ውቢት በመስኮቱ የጆንያውን ክምር እያየች ልቧ ትንሽ ራራ። ምናልባት እውነቱን ይሆናል። ሰው ፈርቶም ቢሆን ይታረማል። ወደ ክፍሏ ስትመለስ፣ ጠመኔ ስታነሳ ታያት። ይህን ሁሉ ወር የተመኘችው ያንን ብቻ ነው፤ እስር ቤት ሰው ማስገባት ሕልሟ ሆኖ አያውቅም። ከትቼዋለሁ ቀጥሎ ስለ ፌስቡኩ ምን እንደምታስጽፈው ማሰብ ጀመረች።

ዳንግላ መናኸሪያ ሲደርሱ ቀድማ ወረደች፤ ድምፁንም ቀድማ የሰማችው እሷ ናት። በባጃጆቹ ጩኸት መሐል አንዲት ሴት በዘቅዛቃ መሬት ላይ ስለሚወርድ ነገር ታስተምራለች። የራሷ ድምፅ ነው። ከክንዴ ሱቅ በር በላይ ከተሰቀለው ሞንታርቦ ይወጣል።

አራስ ናት የተባለችው ሚስቱ ማናለብሽ ሕፃኗን አዝላ ከባንኮኒው ኋላ ቆማለች።

«ለማትሪክ ነው እህቴ? ስልክሽን አምጪና ልጫንልሽ» አለቻት። «ይሄን ሁሉም ይወደዋል። በአዊኛ ስለሚያስረዳ የገጠር ልጆች አይለቁትም።»

«ማን ናት አስተማሪዋ?»

«የኛው ነው፤ ባለቤቴ ነው ያሠራው። ያቺ ፈተና ስትሸጥ የተያዘችው የእንጅባራዋ ሴትዮ አይደለችም። አትስጊ።»

በክፋት አልተናገረችውም። ባሏ ቤት ውስጥ የነገራትን፣ እውነት ብላ የያዘችውን ነው የደገመችው። ውቢትን ያቃጠላትም ይኸው ነው። ሰውየው ከገዛ ሚስቱ ጀምሮ ነው የዋሸው፤ በእነሱ ቤት ውስጥ ውቢት የተያዘች ወንጀለኛ ናት። ሕፃኑ በእናቱ ጀርባ ላይ ተኝቷል፤ ውቢት አየችው፣ ከዚያም ዐይኗን አነሳች።

ሞንታርቦው አማርኛውን ጨርሶ ወደ አዊኛ ተሻገረ። አያ እንየው በምርኩዛቸው እየተደገፉ ሱቁ በር ላይ ሲደርሱ ቀጥ ብለው ቆሙ። ድምፁ በቋንቋቸው፣ ከአያ እንየው ድንች ማሳ ቁልቁል ወደ እኛ አጥር የሚወርደውን ውሃ አስቡ ይላል። ላይ ዘቅዝቆ ሲጥለው እንዴት እንደሚሮጥ፣ ታች ሜዳው ላይ ሲደርስ እንዴት እንደሚተኛ ያስረዳል።

ክንዴ ድንጋዩን በአንድ እጁ ይዞ ወደ ማጥፊያው ሮጠ።

«አትንካው» አሉ አያ እንየው። «አሁን ምን እያለች ነው?»

«እኔ አዊኛ አልሰማም፣ አያ።»

«ስለ እኔ ማሳ ነው የምታወራው። እዚያ ጓዳ ተቀምጣ፣ የእኔን ውሃ እያየች። ስሜን ስትጠራ እንኳ አልሰማህም። ያልሰማኸውን ነው የምትሸጠው።» ድምፃቸው አልጨመረም። «ደግሞ በጊዮርጊስ ማልህልኝ።»

«ሚስቴ ሳታውቅ ከፍታው ነው እንጂ...»

ማናለብሽ ባሏን አየች። ከዚያ ወደ ሞንታርቦው፣ ከሞንታርቦው ወደ ውቢት። ነገሩ ቀስ ብሎ ሲገባት ፊቷ ላይ ይታይ ነበር። ባንኮኒው ላይ የተዘረጋው እጇ ተሰበሰበ።

አያ እንየው ጋቢያቸውን እንደገና አጣፉ። «ፍርድ ቤቱ በየት በኩል ነው?»

«ሽማግሌ አይመሰክርም፣ አያ። እርስዎ ሽማግሌ ነዎት እኮ» አለ ክንዴ።

«እስካሁን ነበርኩ» አሉ። «አሁን በጆሮዬ ሰማሁ። የሰማሁትን እናገራለሁ።»

ውቢት መንገዱን በእጇ አሳየቻቸውና ጎን ለጎን መራመድ ጀመሩ። ከኋላቸው ድምጿ ገና ያስተምራል፤ የሚያጠፋው ሰው አልተገኘም። ጥቂት እንደሄዱ ክንዴ ተጣራ።

«ድንጋዩንስ? ውቢት፣ ላውርደው?»

አያ እንየው ቆም ብለው አዩዋት፤ መልሱ የእሷ ነው። ውቢት አልቆመችም።