ጥፋቱ የሴቷ ነው

እማማ ጭውጭው ዘማሪ ወፍ በማርባት ስሟ የተጠራ ነበር። አሠራሯ ቀላል ነው። ወንዱንና ሴቷን አንድ የሽቦ ሳጥን ውስጥ አድርጋ መሀላቸውን በወንፊት ትከፍለዋለች። ወንዱ ይዘምራል። ዜማው ከጣማት ሴቷ ለጎጆዋ ሳር መልቀም ትጀምራለች፤ ያኔ ወንፊቱ ይነሳል። ጀርባዋን ከሰጠችው ግን ጥፋቱ የሴቷ ነው፤ እሷ ትወጣለች፣ ሌላ ትገባለች። ወንዱን መቀየር የሚባል ነገር በዚያ ቤት ተሰምቶም አያውቅ።

ልጇ ጓሮ ውስጥ ማቅለጫውን ከተከለ ወዲህ ግን ነገር ዓለሙ ተበላሸ። አሮጌ የመኪና ባትሪ ይሰብራል፣ ውስጡ ያለውን እርሳስ ያቀልጣል፣ ለነጋዴ ያስረክባል። ቤቱን ቀጥ አድርጎ የያዘውም ይኸው ሥራ ነው። ጭሱ ገብቶ ወፎቹ ላይ ያርፋል፤ የውሃ ሳህናቸው ላይ ግራጫ ብናኝ ይንሳፈፋል። ወንዶቹ ዜማ ይጀምሩና መሀል ላይ ቆርጠው ይተዉታል። ሴቶቹ ጀርባቸውን ይሰጣሉ። እሷ ምን አደረገች? ሴት ቀየረች! የወጡትንም «መሃን ናቸው፣ ለጌጥ ይሁኑህ» እያለች አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ላለው ጸጉር አስተካካይ ሰጠችው።

እሺ፣ ይሄ በወፍ ነው። በሰውስ?

ምራቷ ልብስ ሰፊ ነበረች። ሁለቴ አርግዛ ሁለቴም አስወረዳት፤ ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ሐኪሙ «ባልሽም ይመርመር» ሲላት እማማ ጭውጭው ጦር አውርድ አለች።

«ባትሪውን በአንድ እጁ ብድግ የሚያደርገውን ልጄን? ምን ጎደለውና!»

«ጭሱ ይመስለኛል እማዬ» አለች ምራቷ ቀስ ብላ። «እሱም እኮ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ራሴን ራሴን ይላል። ወፎቹንም ይዩዋቸው እስቲ።»

«ስለ ወፍ እኔን ልታስተምሪኝ? ወይ ድፍረት!»

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ማታ «ዘርህ ሊጠፋ ነው» እያለች ልጇን ነዘነዘችው። እሱም ሰለቸውና ዝም አለ። ለምራቷ ዝምታው በቂ መልስ ነበር፤ የስፌት መኪናዋን ጋሪ ላይ አስጭና ወጣች። አማቲቱ በር ድረስ እንኳ አልሸኘቻትም።

አዲስ ሙሽራ ተገኘች፣ ቀን ተቆረጠ። በዚያው ሰሞን ጸጉር አስተካካዩ ትርፍ ሳጥን ካላት እንድትሰጠው ላከባት። ይዛለት ሄደችና ደጃፉ ላይ ክው ብላ ቀረች። ሱቁ ጫጩት በጫጩት ነው።

«ይቺ እግረ ነጯ፣ እኔ የሰጠሁህ አይደለችም?»

«እርስዎ የሰጡኝ ናት እንጂ! ያውም መሃን ናት ብለው!» አለ ምላጩን እየጠረገ፣ እየሳቀ። «ሁለተኛ ዙሯ ነው እኮ እማማ፣ ማስቀመጫ አሳጣችኝ።»

«ወንዱስ?»

«እሱም የእርስዎ ነው፤ ረሱት? ልጅዎ ማቅለጫውን ሳይተክል በፊት የሸጡልኝ ሽማግሌው።»

ሽማግሌው ወፍ ያን ጊዜ ዜማውን ጀመረ። ወጣ፣ ወረደ፣ ደግሞ ወጣ፤ ሳይቆርጥ እስከ መጨረሻው ዘለቀው። እማማ ጭውጭው የደንበኛ ወንበር ላይ ዘጭ አለች። በቤቷ ሙሉ ዜማ ከሰማች ስንት ዘመኗ! የተቆረጠውን ጆሮዋ ለምዶት ኖሯል። ሴቶቹ ግን አልለመዱትም፤ የታመመውን ለይተው ነው ጀርባ የሰጡት። እሷ ጤነኞቹን አውጥታ ጣለች። ምራቷ ፊቷ ላይ ድቅን አለችባት።

«ምነው እማማ፣ ውሃ ላምጣልዎት?»

«ተወኝ፣ ደህና ነኝ።»

መንገዱን ሙሉ ከራሷ ጋር ስታወራ መጣች። እነግረዋለሁ። ማቅለጫውን ይንቀል፣ ይመርመር። ምራቴንም እግሯ ላይ ወድቄ እመልሳታለሁ።

በሩን ስትከፍት ልጇ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ጫማውን ለማሰር ይታገላል፤ ክሩ ጣቶቹ ላይ አልቆም ብሎታል። ቀና ብሎ አያት። ይህን ልጅ «ጉድለቱ ካንተ ነው» እንዴት ይሉታል? ማቅለጫው ከተነቀለስ ምን ሊበላ ነው? ሰውስ ምን ይላል? ጎንበስ ብላ ክሩን አሰረችለትና ሆድ ይፍጀው አለች። ያን ሁሉ ምላስ ለምራቷ የነበራት ሴት፣ እዚህ ላይ ቃል አጠራት!

በማግስቱ ወፎቿን ከነሳጥናቸው ለጸጉር አስተካካዩ አጋዘቻቸው።

«እኔ ጋ ጭሱ ይፈጃቸዋል» አለችው ሳታፍር። «አንተ ጋ ይተርፋሉ።»

ሳምንቱ ሳይሞላ የሙሽራዋ እናት ቤቱን ልታይ መጣች። ወፎቹ የነበሩበት ክፍል ታጥቦ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ሰፊ አልጋ ገብቶበታል።

«ወፍ ያረባሉ ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ የት ሄዱ?» አለች እናትየዋ።

«ለሙሽሮቹ ክፍሉ ይስፋላቸው ብዬ አስወጣኋቸው» አለች እማማ ጭውጭው፣ ዓይኗን በጨው ታጥባ።

ሴትዮዋ ልቧ ተነካ። እጇን ያዘቻት።

«አንድ ልጄን ነው የምሰጥዎ። አደራዎን፣ እንደ ልጅዎ ይዩልኝ።»

«እንደ ወለድኳት ነው የማያት» አለቻት።