ወንዙ፦ ጉልበት

ከሁለቱ ወንድማማቾች ታላቅየው የመሬት ቀያሽ ነው። ቀኑን ሙሉ ባለሦስት እግር መሣሪያውን ተክሎ የሰው ድንበር ሲለካ ይውላል፤ ከሥራ መልስ ደግሞ ለሁለት ዓመት አንድ ወንዝ ሲለካ ከረመ። ወንዙ ያለው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው። ተጫዋቹ እንደ ጦር አዛዥ ሠራዊት የሚያሰልፍበት የታወቀ የጥንት ጦርነት ጨዋታ አለ። የሠሩት ሰዎች ግን የትልልቅ ነገሥታትን ጦርነት እንጂ የእነቀያሹን አገር ፍልሚያ ከየት ያውቁታል? እሱን የፈለገ ሰው ራሱ ሠርቶ ይጨምራል፤ ተጫዋቾች «ሞድ» ይሉታል።

ፍልሚያው አያታቸው የተዋጉበት ነው። ጥቂት ሰዎች የወንዙን መሻገሪያ ይዘው፣ ከማዶ የመጣውን ብዙ ጦር ፀሐይ እስክትጠልቅ አናሳልፍህም ያሉበት። አያትየው ለልጃቸው አወሩ፤ ልጅየው ደብተር ላይ ጻፉት። ችግሩ፣ የጻፉት አባታቸው የቴሌግራም ሠራተኛ መሆናቸው ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰውን ኀዘንና ደስታ በአራት ቃል ሲጠቀልሉ ኖረው፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ ቃል አያባክኑም። ያን ሁሉ ጦርነት በሦስት መስመር ገላግለውታል፦ «ኮረብታ፦ ገላጣ። ጀንበር፦ ከኋላ። ወንዙ፦ ጉልበት።»

ካርታው ሲያልቅ ቀያሹ አባቱን ጠርቶ አሳያቸው። እያንዳንዷን ጉብታ ቦታው ድረስ በእግሩ ሄዶ ለክቷታል። አባትየው መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉና፣ «አየሁት» አሉ። አንድ ቃል።

ከዚያ ታናሽየው መጣ። እሱ ጥርስ ለወለቀባቸው ሰዎች ሰው ሠራሽ ጥርስ ይሠራል፤ ጣቱ የተባረከ ነው፣ ምላሱም አያንስም። «ጋሼ፣ መሬትህ ሰው የለበትም እኮ። ከነጉብታው ሊሸጥ ነው እንዴ?» አለና በሦስት ሳምንት መቶ ወታደር ቀረጸ፤ አንዱ ፍንጭት፣ አንዱ ያኮረፈ፣ አንዱ ጫማ የጠበበው የሚመስል። አባትየው አዩና «ሰው ይመስላሉ» አሉ።

ለሁለት ዓመት አንድ ቃል፣ ለሦስት ሳምንት ሁለት ቃል። ቀያሽ ነውና ሳይፈልገው ሂሳቡን ሠራው።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሁሉ እንዲሁ ሆነ። የጨዋታው ወዳጆች ሥዕሎቹን አይተው፣ «ያን ፍንጭት ማን ሠራው?» እያሉ ይጽፉለታል። «ወንድሜ» ብሎ ይመልሳል፤ ቃሏም እንደ ጠጠር ጥርሱ ሥር ትቀራለች። ስለ ጉብታዎቹ አንድም ሰው አልጠየቀም።

ሞዱ ቅዳሜ ሊለቀቅ ነው፤ ከዚያ በፊት አባትየው ፍልሚያውን ሊያዩ ቃል ገብተዋል። ፍልሚያው ግን ገና አልሠምር ብሏል። ጠላት ሁልጊዜ በዐሥር ደቂቃ ውስጥ ወንዙን ተሻግሮ ያልፋል።

«ወታደሮችህ ይሸሻሉ» አለ ቀያሹ ሐሙስ ዕለት።

«ደክሟቸው ይሆናል፣ ጋሼ።»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በሦስት ሳምንት ጦር አይሠራም።»

ታናሽየው አየውና ሳቀ። «እሺ፣ ስንቅ እጨምርላቸዋለሁ» አለ። ያ ሳቅ ቀያሹን ሁለት ቀን አላስተኛውም።

ቅዳሜ ጠዋት ታናሽየው ሥራ ሲገባ፣ ቀያሹ የወታደሮቹን ፋይል ከፈተ። ጥፋት ፍለጋ ነው የገባው። አገኘም፤ ለእያንዳንዱ ወታደር የሚሰጠው የወኔ ቁጥር ሃምሳ የነበረው ዘጠና ሆኗል። ሊስቅ ሲል፣ ከቁጥሩ ሥር ወንድሙ ለራሱ የጻፋትን ማስታወሻ አየ፦

«ወንዙ ሙላት ነበር። አባባ ነገሩኝ። ግን መሬቱ የጋሼ ነው፤ አልነካም። በወኔ ልሞክር።»

ቀያሹ ደብተሩን አወጣ። ወንዙ፦ ጉልበት። አባቱ የጻፉት የውኃውን ኃይል ነበር። እሱ ግን ዕድሜውን ሲለካ የኖረ ሰው ነውና ጆሮው ቁመት ሰማ፤ ጉልበት ድረስ ብሎ ወንዙን አጎደለው። ጠላት አስፋልት የሚሻገር ያህል ነበር የሚሻገረው።

ስህተቱስ ይሁን። ያቃጠለው የወንድሙ ደግነት ነው። አውቆ ዝም አለ፤ ስድቡንም ተሸከመለት። በጨዋነትም በለጠኝ አለ በሆዱ።

ውኃውን ደረት ድረስ ሞላው፣ ፍሰቱን አጠነከረ፤ ወኔውን ወደ ሃምሳ መለሰ። ማስታወሻዋንም አጠፋት። ከወንድሙ በቀር የሚያውቅ የለም፤ እሱም አይናገርም።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱም ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። የጠላት ጦር ወንዙ ውስጥ ገባ፤ ውኃው አንገዳገደው፤ ወዲህ ማዶ ያ ፍንጭት ከነጓደኞቹ ቆሞ ጠበቀው። ጀንበር ጠለቀች። አባትየው እጃቸውን በታናሽየው ትከሻ ላይ አሳረፉ።

«ቆሙ» አሉ።

ሦስት ለአንድ፣ አለ የቀያሹ ሆድ።

ታናሽየው ፊቱን ወደ ወንድሙ መለሰ። «ምን ነካክተህ ነው፣ ጋሼ? ወኔውን ነው?»

አዎ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። አንዲት ቃል። ጥፋቱ የወታደሮቹ ሆኖ ይቀር ነበር፤ ወንድሙም እንደማይከራከር ያውቃል። ቀያሹ ግን አላላትም። በምትኩ ከሞዱ ጋር የሚወጣውን የእርማት ገጽ ከፈተና በአባቱ ቋንቋ ጻፈ፦

«ወንዙ፦ ደረት። ወታደሮቹ፦ ደኅና። ስህተቱ፦ የቀያሹ ብቻ።»

አባትየው መነጽራቸውን አደረጉ። አነበቡ። ደግመው አነበቡ። ቀያሹ አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ።

«አንድ ቃል ትርፍ አለው» አሉ፤ በዚያ የቴሌግራም ጣታቸው ማጥፊያውን ቀስ እያሉ እየተጫኑ «ብቻ» የምትለውን ቃል አጠፏት። ከዚያ ተነሥተው ወጡ።

ታናሽየው ባዶውን ወንበር አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«አራት ቃል» አለ። «አራት ቃል ሰጡህ፣ ጋሼ። እኔ ባንድ ጊዜ ከሁለት በላይ አግኝቼ አላውቅም።»

ቀያሹ ቀና ብሎ አየው። ለካ እሱም ይቆጥር ኖሯል።