በካላንደር የተለበደው መጽሐፍ

የእርዳታ መኪና ሾፌሩ መጽሐፉን ደምበል ጋ በፌስታል ለፍዮሪ ሰጥቷት ዞር አለ። "ሁለተኛ እንዳትልኪኝ እህቴ፣ ልጆች አሉኝ" ነበር ያላት። እውነቱን ነው። ማን በሰው ደብዳቤ ይታሰራል?

ደብዳቤው ልባዱ ላይ ነው። ሉሊና ፍዮሪ መቀሌ አብረው ሲማሩ ጀምሮ፣ አንዷ አንብባ የጨረሰችውን መጽሐፍ በአሮጌ ካላንደር ለብዳ፣ በነጩ ጀርባ የልቧን ጽፋ፣ ጽሑፉን ወደ ውስጥ አድርጋ ለሌላዋ ትሰጣለች። የወንድ ሐሜት፣ የአስተማሪ ስድብ፣ ምኑ ቅጡ! ፍዮሪ አዲስ አበባ፣ ሉሊ መቀሌ ሳሉ ጦርነቱ መጥቶ ስልክ ሲዘጋ ያ ጨዋታ ብቸኛ መንገዳቸው ሆኖ ቀረ። ፍዮሪ ባለፈው የላከችው መጽሐፍ ልባድ ላይ የጻፈችው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ሃይለአብ በሕይወት አለ? ወንድሟ መቀሌ ከቀረ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። አባቷ አቶ አጽብሃም እህል ቀመስ አድርገው መተው ከጀመሩ ሰነበቱ። ዛሬ ጠዋት ግን መልሱን ልታመጣ ስትወጣ እስከ በር ሸኝተዋታል።

መንገድ ላይ ገልጣ ማንበብ ፈራች። ካዛንቺስ ግቢያቸው ስትደርስ ደግሞ ፈታሾች ላይኛው ቅያስ ገብተዋል የሚል ወሬ ቀድሟት ነበር። ጉድ ፈላ! አንብባ እንዳትጨርስ ጊዜ የለም፤ ሳታነብ እንዳታቃጥል አንጀቷ እምቢ አለ። ልባዱ ላይ ደግሞ "መቐለ" የሚል የካላንደሩ ጽሑፍ በትልቁ አፍጥጧል። ምነው ሉሊ፣ ሌላ ካላንደር አጣሽ? ግን እዚያ ወረቀት ከየት ይምጣ።

ሮጣ ረውዳ ዘንድ ገባች። ረውዳ የግቢው በር ላይ ሱቅ ያላት፣ የስልጤ ልጅ፣ አብሮ አደጓ ናት።

"ረዱዬ፣ ይሄን መጽሐፍ ያዢልኝ። በቃ፣ አትጠይቂኝ።"

ስለ ደብዳቤው አልነገረቻትም። ካላወቀች ቢጠይቋትም የምትናገረው የለም ብላ ነው።

ፈታሾቹ መጡ። ፍራሽ ገለበጡ፣ ቁም ሳጥን በረበሩ፣ የሃይለአብን ፎቶ ከግድግዳ አውርደው "ይሄ የት ነው?" አሉ።

"አናውቅም" አለች ፍዮሪ። እውነት ተናግራ እንደዚያ ውሸታም የመሰለችበት ጊዜ የለም።

ከዚያ ሱቁ ገቡ። ፍዮሪ በመስኮት አየቻቸው። ያቺን ልጅ ሊወስዷት ነው፣ በእኔ ጦስ! ቆዩ፣ ቆዩ፣ በመጨረሻ ባዶ እጃቸውን ወጡ።

ፍዮሪ በረረች። ረውዳ መጽሐፉን ከመደርደሪያ አነሳችላት። ልባዱ የለም።

"ሳየው እኮ ነፍሴ ልትወጣ! ወላሂ፣ 'መቐለ' ይላል! ቦጭቄ ከሰሉ ላይ ጣልኩት። መጽሐፉን ግን እይው፣ ምንም አልሆነም። አንዱ ገለጥ ገለጥ አድርጎ 'ልቦለድ ነው' ብሎ ተወው። አዳንኩሽ አይደል?"

ፍዮሪ ምድጃውን አየች። ከሰሉ ላይ ስስ ጥቁር አመድ አለ። ጩኺ ጩኺ አላት። ግን ረውዳ ሂጃቧ በላብ ርሶ፣ ዐይኗ እንባ አቅርሮ ቆማለች። ለእሷ ብላ ልትታሰር ነበር።

"አዳንሽኝ፣ ረዱዬ" አለቻትና አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አነባች። ረውዳ የፍርሃት ለቅሶ መሰላት።

ቤት ስትገባ አቶ አጽብሃ የተገለበጠው ፍራሽ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። መጽሐፉን ሲያዩ ብድግ አሉ።

"ሉሊ ምን አለች?"

ዝም ብትል ሞቷል ይላሉ። ተቃጠለ ብትላቸው፣ ሾፌሩ ሁለተኛ አይመጣ፤ ምን ብለው ይጠብቁ?

"ደህና ነው አባዬ። ሃይለአብ ደህና ነው ትላለች።"

አቶ አጽብሃ ሦስቴ አማተቡ። ፎቶውን ከወለሉ አንስተው በጋቢያቸው ጠረጉና መልሰው ሰቀሉት።

"በይ እህል አቅርቢልኝ ልጄ" አሉ፤ "ርቦኛል።"