ጤነኛ ናት፣ ምንም አልጎደላትም

ፋጥናን ፊት ለፊት «እርስዎ» ነው የምላት። አምስት ዓመት ቤቷ ስኖር አንድ ቀን አንቺ ብያት አላውቅም። እዚህ ግን እሷ እላታለሁ፤ ቅር የሚለው ቅር ይበለው።

ፍራንክፈርት የመጣሁት በአሥራ አምስት ዓመቴ፣ ብቻዬን ነው። ሰብሳቢ የሌለውን ልጅ እዚህ አገር የሚረከበው ዩገንድአምት የሚሉት የወጣቶች ቢሮ ነው። እነሱ ናቸው ዚንድሊንገን፣ ፋጥና ቤት ያስቀመጡኝ። ፋጥና ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ፍሉግሃፈን፣ አውሮፕላን ማረፊያው፣ የጽዳት ሠራተኞች አለቃ ናት። አለቆቿን አትፈራም፣ ፖሊስ አትፈራም፣ ሰው ምን ይለኛል የሚለውን ነገር ግን ከሶላቷ እኩል ትጠብቀዋለች።

አሥራ ስምንት ዓመት ከሞላሽ በኋላ የቢሮው እርዳታ የሚቀጥለው በየዓመቱ እየታየ ነው። እስከ ሃያ አንድ ዓመት ሊቀጥል ይችላል፤ ይችላል እንጂ ይቀጥላል አላሉም። በዓመት አንዴ ስብሰባ ይጠራል፣ ልጅቷ ራሷን ችላለች ወይስ አልቻለችም ይባላል። ችላለች ከተባለ ፋይሉ ይዘጋል። ፋይሉ ከተዘጋ የጤና መድን ካርዷም አብራ ትዘጋለች፣ መድኑ ጋ ያስመዘገቧት እነሱ ናቸውና። እናት አባት ያለው ልጅ በወላጆቹ ካርድ ይታከማል፤ ሥራ የያዘ በሥራው ይታከማል። እኔ ወላጅም የለኝ፣ ሥራም አልያዝኩ፣ ገና የሙያ ትምህርት ቤት ነኝ።

ካርዷን ደግሞ ለጉንፋን አይደለም የምፈልጋት። አሥራ ስምንት በሞላኝ በሦስተኛው ወር የሚጥል በሽታ ጀመረኝ። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ክኒን እውጣለሁ። ሐኪሙ አንድ ቀን እንኳ እንዳታቋርጪ፣ ደረጃ ላይ ወይም ባቡር ስትጠብቂ ሊጥልሽ ይችላል ብሎኛል። ለአካለ መጠን ስለደረስኩ የሚነግረው ለእኔ ብቻ ነው፤ ቢሮው አያውቅም። ለቢሮው እንዳልናገር ያስማለችኝ ፋጥና ናት። እዚህ ያለው ሐበሻ ሁሉ አንድ ቤት ነው፣ ዛሬ የተነፈስሽው ነገ ኦፈንባኽ ይደርሳል፣ ማን ያገባሻል አለችኝ። እኔ ባል አምጪልኝ ያልኳት ይመስል!

መጋቢት ላይ ስብሰባው ደረሰ። ጉዳዬን የያዘችው ፍራው ኪስሊንግ የምትባል አዲስ ሴት ናት። ፋጥና ጀርመንኛዋ ለሥራ እንጂ ለስብሰባ ስለማይበቃ አስተርጓሚ ተጠርቶላታል። በሩ ሲከፈት የገባው ጋሽ ሳሊም ነው። ጋሽ ሳሊምን የማያውቅ የለም፤ እህቱ ከፋጥና ጋር አንድ ሺፍት ላይ ነው የምትሠራው፣ እሱ ራሱ ዓርብ ዓርብ ከመስጊድ በር ላይ አይጠፋም። ፋጥና ስታየው ሻሿን አስተካክላ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ያኔ ነው ነገር እንደተበላሸ የገባኝ።

ፍራው ኪስሊንግ፣ ሙንተሃ ምን ምን ላይ እርዳታ ያስፈልጋታል ብላ ጠየቀች። ይቺ ጥያቄ ናት ሁሉ ነገር። ጀርመን አሳዳጊ ብትሆን ዝርዝር ታወጣ ነበር፦ ደብዳቤ አትከፍትም፣ ቀጠሮ ይጠፋባታል፣ ሰው ሲበዛ ትጨነቃለች ትል ነበር። የእኛ ሰው ግን ባዕድ ፊት ልጁን አያማም፤ የአገር ልጅ ተቀምጦ እየሰማማ ጭራሽ።

«ጤነኛ ናት፣ ምንም አልጎደላትም» አለች ፋጥና። «ቤቱን የምታስተዳድረው እሷ ናት።»

ከዚያ በኋላ ማን ያቁማት። ወጥ ትሠራለች፣ ወረቀቴን ሁሉ የምታነብልኝ እሷ ናት፣ አንድ ቀን አርፍዳ አታውቅም፣ ጨዋ ናት፣ ሐኪም ቤት ምን እንደሚመስል እንኳ አታውቅም አለች። ጋሽ ሳሊም ደስ ብሎት ተረጎመው፣ ከራሱም ማሻአላህ ጣል አደረገበት። ፍራው ኪስሊንግ ፈገግ እያለች ትጽፋለች። እኔ ጀርመንኛ ከጋሽ ሳሊም እበልጣለሁ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። የፋጥና እጅ ጠረጴዛው ሥር ጉልበቴን ጨምድዶ ይዞታል። ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም በይ ተብዬ ነው ያደግኩት፣ ዝም አልኩ። ለዚያ ዝምታዬ እስከ ዛሬ ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

ደብዳቤው በሦስተኛው ሳምንት መጣ። አሳዳጊዋ እንዳረጋገጡት ወጣቷ ጤነኛና ራሷን የቻለች ስለሆነች እርዳታው በሚቀጥለው ወር መጨረሻ ያበቃል ይላል። በማግስቱ መድኑም ጻፈ፤ ካርዷ ከዚያ ቀን በኋላ አትሠራም አለ። ሥራ የሌለውን የሚረዳው ጆብሴንተር ሄድኩ፣ ተማሪ ስለሆንሽ የተማሪ ድጎማ ጠይቂ አሉኝ። የተማሪ ድጎማ ክፍል ሄድኩ፣ ማመልከቻው ታይቶ እስኪያልቅ ሦስት ወር ይፈጃል አሉኝ። መድኑ ጋ ደወልኩ፣ በራስሽ መዋጮ በፈቃደኝነት ግቢ አሉኝ፣ መዋጮውን ከየት እንደማመጣው አልነገሩኝም። ክፉ ሰው አልገጠመኝም፤ ሁሉም በትህትና ወደ ሌላ በር ጠቆመኝ። በትህትና የሚገፋሽ ሰው ላይ እንኳን ልትጮሂ፣ ልትቆጪም አይመችም።

ፋጥና ግን ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ደብዳቤውን እንደ ዲፕሎማ ሥራ ቦታዋ ወስዳ ለጋሽ ሳሊም እህት አሳየቻት። መንግሥት ራሱ መሰከረልኝ፣ ያሳደግኳት ልጅ ራሷን ችላለች ብላ ስታወራ ዋለች። ማታ ስትነግረኝ ፊቷ ያበራ ነበር። ደብዳቤው ካርዴን እንደሚዘጋ ስነግራት እንኳ ወዲያው አልገባትም።

ሲገባት ደግሞ ክኒኑን እኔ እገዛልሻለሁ አለች። ክኒኑንስ ይግዙልኝ፣ ሐኪሙን፣ የጭንቅላት ምርመራውን፣ አምቡላንሱንስ ይገዙታል ወይ አልኳት። ቅሬታ ለማቅረብ አንድ ወር ጊዜ አለ፣ እውነቱን ጽፈው ይፈርሙልኝ ብዬ ለመንኳት። እንዲህ ለምኜ አላውቅም። ያሳደግኳት ልጅ በሽተኛ ናት ብዬ በገዛ እጄ አልፈርምም፣ ነገ ወሬው ከወጣ አንቺን በሽተኛ ብለው አይተውሽም፣ እኔንም ምን አድርጋት ነው ይላሉ አለች። አዙረሽ ብታዪው ነገሩ ሁሉ ስለ ሰው ነው። የእኔ ጭንቅላት ከሰው አፍ አነሰ ማለት ነው። በሩን ወርውሬ ዘግቼ ወጣሁ።

ቅሬታውን ራሴ ጻፍኩ። ሌላ ስብሰባ ተጠራ፤ ያው ክፍል፣ ያው ፍራው ኪስሊንግ፣ ያው ጋሽ ሳሊም። ክኒኔ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል። ፋጥና ከእኔ አንድ ወንበር ዘላ ተቀመጠች። ፍራው ኪስሊንግ፣ ባለፈው ያልተነገረ ነገር አለ ወይ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

በጀርመንኛ መናገር እችል ነበር። ሆን ብዬ በአማርኛ ተናገርኩ። ፋጥና አልሰማሁም እንዳትል ፈለግኩ፤ ወሬው እንዳይደርሰው የሚፈራው ጋሽ ሳሊምም በገዛ አፉ እንዲለው ፈለግኩ። ተንኮል ነው፣ አዎ።

«የሚጥል በሽታ አለብኝ» አልኩ። «በአንድ ዓመት ስምንት ጊዜ ጥሎኛል።»

ጋሽ ሳሊም ጉሮሮውን ጠረገ። ፋጥናን አየት አደረገና፣ ወጣቷ አልፎ አልፎ ያዞራታል፣ ምናልባት ከድካም ነው ብሎ ተረጎመ። ክፋት አይደለም፣ ቤት መሸፈኑ ነው፤ እሱም ያደገው እንደኛው ነው። ደሜ ፈላ። ትልቅ ሰው ነው አላልኩም።

«ጋሽ ሳሊም፣ ያልኩት እሱን አይደለም» አልኩት። ከዚያ በጀርመንኛ ቀጠልኩ፣ እስክጨርስም አላቆምኩም። የበሽታውን ስም፣ የክኒኑን ስም፣ የሐኪሙን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አደረግኩ። ደብዳቤ መክፈት እፈራለሁ አልኩ። ብቻዬን ገላዬን መታጠብ እፈራለሁ አልኩ። ቤት ውስጥ ስለ በሽታዬ ማውራት የተከለከለ ነው አልኩ። ከዚያም የየካቲቱን ተናገርኩ፦ ኩሽና ውስጥ ጣለኝ፤ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ አምቡላንስ ይጠራ ብሎ ነበር ሐኪሙ፤ አሥራ አንድ ደቂቃ ቆየብኝ፣ አምቡላንስ አልተጠራም፣ በሩ ተቆለፈ፣ መጋረጃው ወረደ፣ ቴሌቪዥኑ ጮክ ተደረገ። አሥራ አንድ ደቂቃ መሆኑን ያወቅኩት ራሷ ፋጥና እያለቀሰች ነግራኝ ነው። ይህንን ግን አልጨመርኩም።

ፍራው ኪስሊንግ ብዕሯን አስቀመጠች። በዚያ ሰዓት አሳዳጊሽ ምን አደረጉልሽ ብላ ጠየቀችኝ።

«በሩን ዘጉ» አልኳት።

ጋሽ ሳሊም ጥያቄውንና መልሱን ለፋጥና ሊተረጉምላት አፉን ሲከፍት በእጇ አስቆመችው። እውነት ነው ወይ ስትባል በራሷ ጀርመንኛ «ያ» አለች፣ አዎ ማለቷ ነው። ሰው አይታ የማታውቅ ይመስል ግድግዳውን ነበር የምታየው። በኤስ ባን፣ በከተማው ባቡር፣ ስንመለስ ከእኔ ራቅ ብላ ተቀመጠች። አሸንፌያለሁ ብዬ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር።

መልሱ በዘጠነኛው ቀን መጣ። ፋጥና ከሥራ ስትመለስ ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ አገኘችው፤ ቁጭ አለችና አንብቢልኝ አለችኝ። አነበብኩላት፣ ቃል በቃል እየተረጎምኩ፣ ምንም ሳላለዝብ። እርዳታው ሃያ አንድ ዓመት እስኪሞላኝ ይቀጥላል። ካርዷም ትሠራለች። በአደጋ ጊዜ ይህ ቤት ለወጣቷ ደኅንነት ስለማይታመን ግን ከሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ጀምሮ ፕሮይንገስሃይም፣ ሞግዚት ወዳለበት የወጣቶች መኖሪያ እዛወራለሁ። የፋጥና ስም ከአሳዳጊ ቤተሰቦች ዝርዝር ይሰረዛል፤ ከእንግዲህ ልጅ አይሰጣትም። ምክንያቱ ሥር የእኔ ቃል ተጽፏል፦ በሩ ተቆለፈ፣ አምቡላንስ አልተጠራም።

ፋጥና እስከ መጨረሻው ሰማች።

«የቀረውስ?» አለችኝ።

«ሌላ የለም» አልኳት። «ያለው ይሄ ነው።»

ወረቀቱን አገላብጣ አየችው። ከዚያ ተነሥታ የማታ ሶላቷን ልትሰግድ ገባች።

የቀረው እንዲህ ነው። በሩን ቆልፋ ስትመለስ ኩሽናው ወለል ላይ አብራኝ ተኝታለች። ጭንቅላቴ ከንጣፉ ድንጋይ ጋር እንዳይጋጭ መዳፏን ከሥር አድርጋዋለች፤ እጇ ሳምንት ሙሉ አብጦ ነበር። ምላሴን እንዳልቆርጥ ብላ ጣቷን በጥርሴ መካከል አስገባች። ሐኪሙ ጣት አይገባም ይላል፣ እሷ ይህን አታውቅም። እስከ አጥንቷ ድረስ ነክሻታለሁ፤ ሥራ ቦታ የሻንጣ ጋሪ ቆረጠኝ ብላ ስድስት ስፌት ተሰፋች። ይህን ሁሉ ፍራው ኪስሊንግ ስትጠይቀኝ አውቀው ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ብናገረው እንግዲያው ይቺ ልጅ የሚንከባከባት አላት ብለው ይዘጉታል ብዬ ፈራሁ፤ ቢሮው የሚሰማው የጎደለውን ብቻ ነው። ፋጥና ያለኝን ብቻ ተናግራ ካርዴን አዘጋችብኝ። እኔ ደግሞ የጎደለኝን ብቻ ተናግሬ ቤቷን አዘጋሁባት።

በዚህኛው ውሳኔም ላይ ቅሬታ ለማቅረብ አንድ ወር ይሰጣል። ፕሮይንገስሃይም ከገባሁ በኋላ ሦስት ጊዜ ጀምሬው ነበር። ስለ ጣቷ ጻፍኩና ቆምኩ። ካነበቡት በኋላ የእኔን ፋይል መልሰው ይዘጉት ይሆን፣ አይዘጉት ይሆን አላውቅም። ልሞክረው አልደፈርኩም። የቅሬታው ወር በሚያበቃበት ቀን ፋርማሲ ሄጄ የቀጣዩን ሦስት ወር ክኒኔን ተቀበልኩ፣ የጀመርኩትን የቅሬታ ወረቀት እዚያው በር ላይ ያለው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣልኩት።