ራቸኒጻ በቀስት ምንጣፍ ላይ

ወደ ፕሎቭዲቭ ከተማ ከተዛወርን ወዲህ ልጄ ራሊጻ አንድም ጓደኛ አላፈራችም። ስለዚህ ሦስት የክፍሏ ልጆች ቅዳሜ ቤታችን ሊመጡ ነው ስትለኝ ከደስታ ይልቅ ስጋት ቀደመኝ። ቢስቁባትስ?

የሚመጡት ለጨዋታ ነው። ቀስት የተሳለበት ምንጣፍ ወለሉ ላይ ይነጠፋል፤ ዘፈኑ ሲጀምር ስክሪኑ ላይ ቀስቶች ይወርዳሉ፤ ተጫዋቿ በምቱ ልክ ትረግጣለች። ዘፈኖቹን ለጨዋታው የምታዘጋጀው ራሷ ራሊጻ ናት። ኮምፒውተሩ ምቱን እኩል እኩል ይከፍልላታል፣ እሷ ቀስቶቹን ትተክላለች። ለልጆቹ «ማንም የሌለው ዘፈን አለኝ» ብላ ጉራዋን ነዝታለች። ራቸኒጻ ነው፤ በየሰርጋችን የምንጨፍረው።

አርብ ከሰዓት ስትሞክረው በሩ ተንኳኳ። ከእኛ በታች የሚኖሩት እትዬ ፔንካ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን የባህል ጭፈራ ያስተማሩ። ፖሊስ የጠሩብን መሰለኝ።

«ይቅርታ እትዬ፣ አሁኑኑ ይቆማል።»

«ማን ይቁም አለ? ሦስተኛው ምት ረጅም ነው። እናንተ እኩል ትረግጣላችሁ፤ እኔ ታች ተኝቼ ስንቴ ልደናቀፍ?»

«ኮምፒውተሩ ነው እንደዚያ የከፈለው» አለች ራሊጻ ተኮሳትራ።

«ኮምፒውተርሽ ሰርግ ሄዶ ያውቃል?»

ጫማቸውን አውልቀው ምንጣፉ ላይ ወጡ። ወዲያው ስክሪኑ «ወድቀሻል» አላቸው።

«የወደቅከውስ አንተ» አሉት። ወደ ልጄ ዞሩ። «እኔ ልርገጥ፣ አንቺ ቀስትሽን እግሬ ባረፈበት ትከዪ።»

አጭር፣ አጭር፣ ረጅም። ራሊጻ ቀስቶቹን እየነቀለች እንደገና ተከለች። እኔ ልባቸው ቢቆምስ ብዬ ውሃ ይዤ አጠገባቸው ቆምኩ።

ቅዳሜ ልጆቹ መጡ። ዮአና የምትባለው ቀድማ ሞከረች፤ ወደቀች። ሌሎቹ ሁለቱም ወደቁ። ኮቶቻቸውን ሊያነሱ ነው ብዬ ወጥ ቤቱ በር ላይ ደርቄ ቀረሁ።

«ይሄ ነገር ተበላሽቷል» አለች ዮአና።

«እግርሽ ነው የተበላሸው» አለች ልጄ።

አለቀልን አልኩ በልቤ።

ራሊጻ ግን ምንጣፉ ላይ ወጥታ እስከ መጨረሻው ረገጠችው። ዮአና አፏን ከፍታ አየቻት።

«ስሚ፣ ዘፈኑን ላኪልኝ። ቤት ልለማመድ።»

«አልልክም። ከፈለግሽ ነገ ነይና እዚሁ ተለማመጂ።»

«ስንት ሰዓት?»

ራሊጻ ዞራ አየችኝ። የጋገርኩት ባኒጻ፣ የአይብ ቂጣው፣ አልቋል፤ አይብም የለም፣ ነገ ደግሞ እሑድ ነው፤ ሱቁ ቢዘጋስ?

«ከምሳ በኋላ» አልኩ።