የመሪጌታ ንጹሕ ምራቅ

ሐረግ አንድ ነገር ካላማራት ዝም ብላ አታልፍም። መካነ ሰላም ውስጥ በአንዲት ትንሽ ክሊኒክ ላብራቶሪ ትሠራለች፤ ባልደረቦቿ «ነገር ፈላጊ» ይሏታል። እውነታቸውን ነው።

የዚያን ሐሙስ ጠዋት ያላማራት የመሪጌታ ቃለ ክርስቶስ አክታ ነበር። መሪጌታ ገጠር ዜማ የሚያስተምሩ ሰው ናቸው፤ ሳል ከያዛቸው ወር አልፏል። ሐኪሙ ቲቢ ጠርጥሮ የጠዋት አክታ እንዲያመጡ አዟቸዋል። እሳቸውን ያስጨነቃቸው ግን ሌላ ነው። ልጃቸው የዓለምዘርፍ አጅባር ከተማ ወልዳለች፤ ሕፃኗ እሑድ ሰማንያ ቀኗ ነው፣ ክርስትና ትነሣለች። የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው ናት፤ ሳሉን ፈርተው እስካሁን አላዩአትም። ነፃ ከተባሉ ሄደው ሊያቅፏት ቆርጠዋል።

ሐረግ ናሙናውን መስታወት ላይ ቀብታ አደረቀችው። ቀይ ቀለም አፍስሳ እስኪተን ከሥር አሞቀችው፣ በአሲድ አጠበችው፣ በመጨረሻም ሰማያዊ ቀለም ጨመረችበት። የቲቢ ባክቴሪያ ልባሱ ሰም አለው፤ አንዴ ቀዩን ከያዘ አሲድም አያስለቅቀውም። ሌላው ሁሉ ሰማያዊ ሲሆን እሱ ብቻ ቀይ ሆኖ ይቀራል፤ ግትር ፍጡር ነው።

በማይክሮስኮፕ አየች፤ አንድም ቀይ የለም። «አልተገኘም» ብላ ልትጽፍ እስክሪብቶ አነሣችና ቆም አለች። የሚታየው ሁሉ ከጉንጭ የሚላጥ ሰፋፊ ሕዋስ ነው፤ ከሳንባ የመጣ የሚመስል ነገር የለበትም። አክታው የመጣበትን ዕቃ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቷል። ወር ሙሉ የሚያስል ሰው ይህን ነው የሚተፋው?

ወጥታ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁ አግኝታ ጠየቀቻቸው። መሪጌታ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ሰብሰብ አድርገው አቀረቀሩ። ጠዋት ሳሉ ያመጣውን ሁሉ ደጅ ተፍተው፣ አፋቸውን በጸበል ሦስት ጊዜ ተጉመጥምጠው፣ ከዚያ በኋላ ያለውን እንዳመጡላት ነገሯት።

«ያንን ቆሻሻ ሰው ላስጨብጥ፣ ልጄ? ነውር አይደለም?»

ሐረግ ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ደነገጠች። በይሉኝታቸው የተነሣ ለጥቂት ነፃ ተብለው አጅባር ሊሄዱ ነበር።

«መሪጌታ፣ እኔ የምፈልገው ያንኑ ቆሻሻ ነው።»

ከክሊኒኩ ጀርባ ነፋስ በሚነፍስበት ቦታ አቁማ ከደረታቸው ጥልቅ አሳለቻቸው። ወፍራምና ቢጫ ነገር ወጣ። እንደገና ቀብታ፣ አሙቃ፣ አጥባ አየች። በሰማያዊው መካከል ቀያይ ቀጫጭን ዘንጎች፣ አንዳንዶቹ ጎበጥ ያሉ፣ ተበታትነዋል። ደስ አላት፤ በጣም ደስ አላት። አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሰውዬ ትዝ ሲሏት በደስታዋ አፈረች።

ውጤቱ ሲነገራቸው መሪጌታ ባክቴሪያዎቹን በዓይኔ ልያቸው አሉ። ሐረግ ማስክ ካደረገችላቸው በኋላ ወደ ማይክሮስኮፑ ጎንበስ አሉ፤ ብዙ ቆዩ።

«እነዚህ ሕፃን ደረት ውስጥ ቢገቡስ?»

«በሕፃን ይብሳሉ» አለች ሐረግ። መድኃኒቱ ዛሬውኑ እንደሚጀመር፣ እስከ እሑድ ግን በሽታውን ማስተላለፋቸውን እንደማያቆም አልደበቀችም።

መሪጌታ ቀና ብለው ስልካቸውን አወጡ። ልጃቸው ስታነሣ እንደማይመጡ፣ ክርስትናውን ግን በእሳቸው ምክንያት እንዳያራዝሙት ነገሯት። ወዲያ ማዶ ለቅሶ ተሰማ። እሳቸውም እንዲህ አሏት፦

«ቄሱ ስሟን ሲጠሩ ስልኩን አስጠጊልኝ። ከዚሁ ሆኜ ልስማው።»